ሳይመረመር የገባው መልእክት

ከወንዳወቅ ጋር ስምንት ዓመት ሠርተናል። ተቆጥቶ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ኮምፒዩተር ያስተማረው ሰው የለም። ሰቆጣ ውስጥ የእህል መጋዘን ሠራተኛ ሳለ፣ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ይዞ፣ እግዚአብሔር በሰጠው ትዕግሥት ተማረ። በ1998 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታችን የዘር እህል ተቀባዮችን ስም በኮምፒዩተር ማስፈር ሲጀምር ዋናው ማሽን ለእሱ ተሰጠ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ማሽኑ በድንገት ቀጥ ማለት አመጣ። የደሃና ወረዳ ዘር ተቀባዮች ዝርዝር ሳይታተም ሦስት ቀን አለፈ። እማማ ማንጠግቦሽ ከደሃና በእግራቸው መጥተው በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ማሳቸው ታርሶ ዘር ይጠብቃል። ኃላፊያችን አቶ ምንዋጋው "ብልሽቱ የደረሰው በሠራተኛው ቸልተኝነት ነው" የሚል ወረቀት አዘጋጁ። ወንዳወቅ ከፈረመ ከሥራው ይባረራል።

እሱ ግን ኮምፒዩተሮቹን በሚያገናኘው ሽቦ የሚያልፈውን ሁሉ ሲመዘግብ ሰንብቷል።

"የጎረቤት ክፍሉ አሮጌ ኮምፒዩተር ተበላሽቶ የተሳሳተ መልእክት ይልካል" አለ። "መልእክቱ ርዝመቴ አንድ ሺህ ፊደል ነው ይላል፤ ውስጡ ያለው አርባ ነው። ዋናው ማሽን ሳያመሳክር ያምነዋል። ያልተላከለትን ላንብብ ብሎ ከማይገባበት ይገባና ይወድቃል።"

"ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ይህን አጡት? አንተ የመጋዘን ሰው አገኘኸው!" አሉ አቶ ምንዋጋው።

"የመጋዘን ሰው ስለሆንኩ ነው ያወቅኩት። ጆንያው ላይ ሃምሳ ኪሎ ቢጻፍም ሚዛን ላይ ሳላወጣ ተቀብዬ አላውቅም፤ የላከው ጳጳስ ቢሆንም።"

"እውነቱን ነው" አሉ እማማ ማንጠግቦሽ ከበሩ። "አምና የኔን ጆንያ ሁለቴ መዝኖ እስክረግመው አድርሶኛል።"

"ፈርም" አሉ አቶ ምንዋጋው።

ወንዳወቅ ከራሱ ኮምፒዩተር ርዝመቱ የተዋሸ አንድ መልእክት ላከ። ዋናው ማሽን ዓይናችን እያየ ደረቀ።

"ቸልተኝነቱ የማን ነው?" አለ ተቆጥቶ። "ማሽኑን ለዓለም ሁሉ እየሸጡ አንድ ቁጥር ማመሳከር አቃታቸው? እኒህ እናት ብርድ የመታቸው ለዚህ ነው?"

የአሮጌውን ኮምፒዩተር ሽቦ ነቀለ፤ ዋናውን አስነስቶ ዝርዝሩን አተመ። አቶ ምንዋጋው "ቸልተኝነት" የሚለውን ሰርዘው "ምክንያቱ ያልታወቀ" ብለው ጻፉ። ወንዳወቅ ወረቀቱን መለሰላቸው።

"ታውቋል። ይጻፉት።"

አቶ ምንዋጋው እንደገና ሰረዙ። ከዚያ "ማሽኑ የመጣለትን ሳይመረምር በመቀበሉ" ብለው ጻፉ። ያን ጊዜ ፈረመ።