መርዶ በስልክ አይነገርም

ከማንኩሳ በወጣሁበት ዋዜማ ምሽት ታናሽ ወንድሜ አንዱዓለም ሻንጣዬን በጠፍር እያሰረ፣ "አይ እትዬ፣ አንቺስ ለትምህርት ሄድሽ፤ እኔን ለዘመቻ እንዳያፍሱኝ ጸልዪልኝ" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሶቪየት ኅብረት የገባሁት በብርዱ ወራት ነው። የደጋዋ ከተማችን የፈረስ ቤት ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይተዋል፤ የዚህ አገሩ ግን ፀሐይ ወጥታም አይለቅም። ጥቁር ዳቦ እየገመጥሁ ተማርሁ፤ ከዚያ ክሪስታል የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ መደቡኝ። ክሪስታሉ ብርጭቆ የመሰለ ድንጋይ ነው። በዓይን የማይታይ ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ ይላል፤ የፊዚክስ ሰዎች ቅንጣቷን የሚያውቋት በዚያች ብልጭታ ነው። እኔ እያንዳንዱን ክሪስታል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ዘግቼ መሣሪያው ብልጭታውን ሲቆጥር አያለሁ። እርጥበት የነካው ይደበዝዛል፤ የደበዘዘው ይጣላል።

ወንድሜን ከቡሬ ገበያ አፍሰው ለዘመቻ እንደወሰዱት የነገሩኝ አባቴ ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም ቴሌ ደውለው። በሚቀጥለው የስልክ ቀጠሯችን ጠየቅኋቸው።

"አንዱዓለምስ?"

"ደህና ነው።"

"እናቴን ያቅርቡልኝ።"

"ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። እዚሁ ቆማ ትሰማሻለች።"

እናቴን የሐምሌ ዝናብ እንኳ ጉንፋን አስይዟት አያውቅም። ድምጿ የሚዘጋው ለቅሶ ስትውል ነው።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ይመጣሉ፤ ሰው ዘመድ ከቦት፣ ተደግፎ ነው መርዶውን የሚረዳው። እዚህ ለእኔ ማን ይምጣ? ፈቃድ ልጠይቅ ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ።

"ወንድሜ ሞቷል፤ አገሬ ደርሼ ልምጣ።"

"ቴሌግራም አለሽ?"

"የለኝም።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

"ማንም ስላልነገረኝ።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ቶቫሪሽ"፣ ጓድ ማለቱ ነው፣ "እዚህ ያልተለካ ነገር አንጽፍም" አለና ወደ ሳጥኔ መለሰኝ።

መርዶ ሳይረዱ ማልቀስ ሟርት ነው። ባለቅስ እኔው የገደልሁት ይመስለኛል፤ ስለዚህ አላለቅስም። ክሪስታሉን እዘጋለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ዶርሜ ገብቼ እተኛለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ይህንንም የምነግረው ሰው የለኝም።

ሰሞኑን ደግሞ ተደዋወልን። "አንዱዓለምስ?" አልሁ፤ አፌ አላርፍ ብሎ።

"ደህና ነው ልጄ።"

ከአባቴ ኋላ እናቴን ሳግ ሲተናነቃት ሰማኋት። ከዚያ በላይ ላስጨንቃቸው አልቻልሁም።

"አንዱዓለምን ሰላም ይበሉልኝ" አልኋቸው።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አሉኝ አባቴ።