ይፋግ ላይ የተቀመጠው የኦሪት ሸንጎ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ከባሕር ዳር

ጎሕ ሲቀድ ጨው በጫነ መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ተሳፍሬ ወጣሁ። ጋዜጣው የላከኝ ስለ ጣራ ገዳም እንድጽፍ ነው። ጉልበቴ ላይ ስለ ጥንቱ የአይሁድ ታላቅ ሸንጎ የሚያትት መጽሐፍ አለ። መጽሐፍ የያዘ መንገደኛ የተማረ ይመስላል፤ እኔም መምሰሉን አልጠላም።

ረፋድ፣ ወረታ

ጥቁር ጭቃ፣ ሰፊ ሰማይ፣ ቡሬ ከብቶች። የፎገራ ሜዳ ዳገት የሚባል ነገር አያውቅም። ከአንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ሻይና ብስኩት በአሥር ሳንቲም ቀመስኩ። ሾፌሩ «የርብ ወንዝ ሳይሞላ እንለፍ» እያለ አጣደፈኝ።

ስምንት ሰዓት፣ ይፋግ

ሾፌሩ ለገበያው ጨው ሲያራግፍ እኔ ወረድኩ። ሾላ ሥር ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከሳሹ ባላምባራስ ቸኮል ግን ቆመው ነው የሚከሱት። የጎረቤታቸው የአያ ደሴ በሬ ከኋላ ስለወጋቸው መቀመጥ አልቻሉም።

«ኦሪት የሚዋጋ በሬ ይገደል ይላል። በኦሪት ዳኙኝ።»

አያ ደሴ አደግድጎ አንገቱን ደፍቷል። ወሩ ሰኔ ነው፣ ያለውም አንድ ጥማድ ብቻ። በሬው ከሞተ ጤፉ አይዘራም። ሽማግሌዎቹ ያዝኑለታል፤ ግን የባላምባራስን መሬት የማያርስ የለምና ደፍሮ «ይማር» የሚል ጠፋ።

ኦሪት ሲነሳ ዝም ማለት አቃተኝ። መጽሐፌን ገልጬ አስተማርኳቸው። በታላቁ ሸንጎ ሰባ አንድ ዳኞች በግማሽ ክብ ይቀመጡ ነበር። የሞት ፍርድ ሲሆን፣ ታላቁን ፈርቶ እንዳይከተል፣ ታናሹ ቀድሞ ይናገራል። ቃላቸው ከተለያየ የብዙዎቹ ይጸናል፤ ሁሉም ባንድ ቃል «ይሙት» ካሉ ግን ተከሳሹ ይለቀቃል፤ አንድ እንኳ የሚሟገትለት ያጣ ሰው ፍርዱ ያጠራጥራልና።

«የኦሪት ከሆነ እቀበላለሁ» አሉ ባላምባራስ፤ ምን ያህሉን እንደሰሙት እንጃ።

የሽማግሌዎቹ አውራ መሪጌታ ተገኘ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያስ ታናሻችን አንተ ነህ። ና ተቀመጥና ቀድመህ ፍረድ።»

መቼም ሰው ሲያከብሩት ልቡ ያብጣል። ተቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ሰው የወጋ በሬ ይገደል» አልኩ። አያ ደሴ ቀና ብሎ አየኝ። ወዲያው አፈርኩ፤ ግን ቃሌ ወጥቷል።

«ይገደል» አሉ ቀጣዩ ሽማግሌ። «ይገደል።» «ይገደል።» ሰባቱም እንዲሁ አሉ።

መሪጌታ ከዘራቸውን ተደገፉ። «ሁላችንም ባንድ ቃል ፈረድን። እንዲህ ሲሆን መጽሐፍህ ምን ይላል ነበር ያልከን?»

የነገርኳቸው እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። «ይለቀቃል» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ሰሙ ባላምባራስ? እኛማ እንደ ቃልዎ ፈርደን ነበር። የለቀቀው ኦሪት ነው።»

ባላምባራስ መጽሐፌን በክፉ ዓይን አዩት። ከንዴታቸው የተነሳ ቁጭ ሊሉ ቃጣቸውና ቁስሉ ትዝ ሲላቸው ተዉት።

ሐሙስ፣ መልስ

ከጣራ ገዳም ስመለስ አያ ደሴ ከመንገዱ ዳር በዚያው በሬ ሲያርስ አየሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ያ አስተያየቱ ከፊቴ አልጠፋም ነበርና መኪናውን አስቁሜ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄድኩ።

«አያ ደሴ፣ ያን ለት ቀድሜ "ይገደል" በማለቴ ይቅር በለኝ።»

እርፉን ሳይለቅ ሳቀ።

«ተወው ወንድሜ። አንተ አዝነህ "ይማር" ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ፣ በሬዬ ይኼኔ ሞቶ ነበር።»