ኖር ለሚስተር ፔምበርተን

ዓባይነህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ብቸኛ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይንከባከብ ነበር። የሚስተር ፔምበርተን ወሬ ክሪኬት የሚባለው የአገራቸው የዱላና የኳስ ጨዋታ ብቻ ነው። ዓባይነህን ግን አምስት ቀን ሙሉ ተጫውተው አቻ የሚለያዩ ሰዎች ያበግኑት ነበር። የወደደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች ከሜዳ ሲወጣ የተቃራኒው ደጋፊ ሳይቀር ብድግ ይልለታል።

«ታዲያ ይሄማ የእኛው ኖር ነው!» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዎከራቸውን ተደግፈው ከመኝታ ቤት ሲወጡ፣ እሱ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ እሳቸውም በተሰባበረ አማርኛ «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡታል።

አንድ ሰመር፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ ስትጫወት፣ ለንደን ላለው የልጅ ልጃቸው ደወሉ። «አያቴ፣ ክሪኬት እኮ ድሮ ቀረ» አላቸው። «በነጻ ቲቪ አይታይ፣ ትምህርት ቤት አንጫወተው፤ ጓደኞቼ ሕጉንም አያውቁት።» ስልኩን ዘግተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ስለ ክሪኬት ዳግመኛ አላነሱም።

ኦክቶበር ላይ አረፉ። አስከሬናቸውን የሚወስዱ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ሌላ ማንም አልመጣም። ቃሬዛው ከመኝታ ቤት ሲወጣ ዓባይነህ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኖር!»

የሚያስቀምጠው ስለሌለ፣ መኪናው ከሄደም በኋላ እንደቆመ ነበር።