ወገራ ላይ ቤንዚን አለቀብን

ጎንደር፣ ሐሙስ ንጋት

ጀንበር ሳትወጣ ገበያው ዳር ደርሻለሁ። ማኪናዋ ስኳርና በርበሬ ተጭናለች፤ ሹፌሩ ተገኘ ግን ገና አላስነሳትም። ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ቤንዚን መያዣዋ ውስጥ እየከተተ ያወጣና እርጥቡን በጣቱ ይለካል። ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ተንዶ ከአስመራ የሚመጣው ቤንዚን ከቀረ ሰንብቷል። ከጎኗ የቆሙት ሁለት ማኪኖች ላይ ዶሮ ሰፍሮባቸዋል።

ዳባት ያለውን አጎቴን ልጠይቅ ነው የምሄደው። ጋቢና ውስጥ አብረውኝ ያሉት የቁስቋሙ መሪጌታ ላቀው ናቸው።

«ውረዱና ግፉ!» አለ ተገኘ። «ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ራሷ ትነሳለች።»

መሪጌታም ጥምጥማቸውን አጥብቀው ገፉ።

ከኋላ ጭነቱ ላይ የወጡት አያ ደሳለኝ የወገራ ገበሬ ናቸው። ዛሬ ልጃቸውን ይድራሉ። ቤት የጣሉት ጠጅ ስለኮመጠጠ ከጎንደር ሌላ ገዝተው በጀሪካን ይዘዋል።

«እላይ ከተውነውማ ወገራ ሳንደርስ ያልቃል፣ አያ» አለና ተገኘ ተቀብሎ ከወንበሩ ሥር፣ ከመጠባበቂያ ቤንዚኑ አጠገብ አኖረው። ሁለቱም ከጦርነቱ የተረፉ አረንጓዴ ጀሪካኖች ናቸው፤ አንዱን ካንዱ የሚለይ ምልክት የለም።

«እንደ ዓይንህ ጠብቅልኝ» አሉ አያ ደሳለኝ። «አማቾቼ አፈኞች ናቸው። ዛሬ ካፈርኩ ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ትኖራለች።»

አምባ ጊዮርጊስ፣ ረፋድ

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አውድማው ሁሉ የገብስ ጭድ ነው። ተገኘ በየቁልቁለቱ ሞተሩን እያጠፋ፣ ፍሬኑን እየረገጠ፣ እኛም ጸሎት እያደረስን ደረስን። አያ ደሳለኝ ጀሪካናቸውን ከተገኘ እጅ ተቀብለው ወረዱ። ዳሳቸው ከመንገዱ ይታያል። እኛ የተልባ ፍትፍት በልተን ቀጠልን።

ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ

መሪጌታ ስለ ጣልያን ዘመን አነሡ። «ያን ጊዜ ዓለም ጣልያንን ቤንዚን ቢከለክለው ኖሮስ?»

እኔም ያነበብኩትን ተናገርኩ፤ መሣሪያ ከልክለውት ነበር፣ ቤንዚኑን ግን ተዉለት።

«እንግዲያው ከልክለውታል እንበል» አሉ መሪጌታ። «ማኪናው ሁሉ የት ይቆማል?»

«እዚሁ ወገራ ነዋ!» አለ ተገኘ። «እስከዚህ እንደምንም ይመጣል። ከዚያ በቅሎ ልከራይ ይላል።»

«የወገራ ሰው በቅሎውን በስንት ያከራየዋል?»

«ካባውን ያስወልቀዋል! ጄኔራሉ በሸሚዝ...»

ማኪናዋ ሁለት ጊዜ አሳላትና ቆመች።

ተገኘ ሳቁን ሳይጨርስ ወርዶ መጠባበቂያውን ከፈተ። አሸተተው። ደግሞ አሸተተው። ከዚያ ለመሪጌታ አቀበላቸው።

«ጠጅ ነው» አሉ መሪጌታ። «ሸጋ ጠጅ።»

ሦስታችንም ወደ አምባ ጊዮርጊስ ዞርን። ቤንዚኑ ያለው ሰርግ ቤት ነው። ከምድጃ አጠገብም ሊሆን ይችላል።

አንድ መንገደኛ በቅሎውን ሰጠን። በቅሎዋ የጀሪካኑን መንቦጫረቅ ስለፈራች መሪጌታን አስቀመጥንባት፤ ጠጁን እኔና ተገኘ በእንጨት አንጠልጥለን ሮጥን።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ቀትር

ዳሱ ሞልቷል። የሙሽራው አባት ባላምባራስ ከነወገናቸው ብርሌ ይዘው ተቀምጠዋል። አያ ደሳለኝ ደግሞ መሐል ቆመዋል። ደጋሹ ከመጠጡ በመዳፉ ፉት ሳይል ለእንግዳ አይቀዳም፤ እሳቸውም ከጀሪካኑ መዳፋቸው ላይ አፍስሰዋል። አልጠጡትም፣ አልደፉትም።

«ምነው አያ ደሳለኝ?» አሉ ባላምባራስ። «የራስዎን ጠጅ ፈሩት?»

ሰው ሳቀ። አንዷ አማች አፍንጫዋን ይዛ «ላምባ ላምባ ይላል» አለች።

መሪጌታ ከበቅሎ ሳይወርዱ እጃቸውን አነሡ። «የሚጠጣው ይኸው በእንጨት መጣ! ያ የሚጠጣ አይደለም። የወገራ ሙሽራ እስከ ዛሬ በበቅሎ ነው የሄደችው። አያ ደሳለኝ ልጃቸውን በማኪና ሊሸኙ ቤንዚኑን በእጃቸው እያሳዩዋችሁ ነው!»

ሲጀምሩት ውሸት ነበር። ዳሱ በእልልታ ሲናወጥ ግን እውነት ሆነ፤ ምክንያቱም ተገኘ እንቢ የሚልበት ቀዳዳ አልነበረም።

«መሪጌታ፣ ገደሉኝ እኮ» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ ጠጣ።»

አያ ደሳለኝ መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ከጠጁ ቀመሱ። ወደ እኛ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ተገኘ ከቤንዚኑ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ አልመሰለኝም።

ዳባት፣ ከሰዓት በኋላ

ቤንዚኑን ወስደን፣ ማኪናዋን አስነሥተን፣ ተመልሰን ሰርገኞቹን ጫንን። ሙሽሮቹ ጋቢና ገቡ። መሪጌታ ጭነቱ ላይ ወጡ፤ እኔ በተገኘ በኩል መረገጫው ላይ ተንጠለጠልኩ። ባላምባራስ በቅሏቸውን ለአሽከር ሰጥተው በርበሬው ላይ ወጡ፤ እስከ ዳባት ሲያስነጥሱ መጡ፣ ግን ውረዱ ቢባሉ እንቢ አሉ።

ሙሽራይቱ በወጉ መሠረት ተሸፋፍና አቀርቅራለች፤ መንገዱን ሙሉ ቃል አልወጣትም። ዳባት ካለው የሙሽራው ቤት ደጅ ስንደርስ ሴቶቹ እየዘፈኑ ከበቡን። ሚዜዎቹ ሊያወርዷት በሩን ከፈቱ።

ያኔ ከሻሹ ሥር፣ ለተገኘና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አያ ሹፌር፣ አንዴ በገበያው ዙርልኝ» አለች።

ተገኘ ሞተሩን ሊያጠፋ ዘርግቶት የነበረውን እጅ ወደ መሪው መለሰ።