በክታብ የተሰፋው በረኛ

እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል እንጂ፣ ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። ከዛሬው ጦር ኃይሎች ወዲያ ያለው ኮልፌ ሁሉ ባሕር ዛፍና ማሳ ብቻ በነበረበት፣ በጣልያን ዘመን፣ ጫማ እጠግን ነበር። ደብተራ የጻፈውን ክታብም በባሕር አረብ ቆዳ እየለበጥኩ እሰፋ ነበር። ሌላ ሱስ ደግሞ ነበረብኝ፤ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ እሰበስብ ነበር።

ካርዱ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ እንዳይመስላችሁ። ሶላቶዎቹ፣ የጣልያን ወታደሮቹ፣ ከሚጥሉት የቸኮሌት መጠቅለያ ውስጥ የአገራቸው ተጫዋች ያለበት ጠንካራ ወረቀት ይገኛል። እኔ የጣልያኑን ፊት በምላጭ ፍቄ በሱ ቦታ የእኛን ሰው እለጥፋለሁ። ከሜዳው አጠገብ አንድ አርመን ፎቶ አንሺ ነበር፤ የተበላሸ የቡድን ፎቶ ሲኖረው ይሰጠኛል፣ እኔ እያንዳንዱን ራስ ቆርጬ አወጣለሁ። ከዚያ ባለቤቱን ፈልጌ አስፈርመዋለሁ። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፍልኛል። ስማቸው የገነነውን አልፈልግም ነበር፣ እነሱንማ ማን የማያውቅ አለ። የኔዎቹ ጣልያን በጋራዥ ሠራተኛ ስም ቀጥሮ፣ ደሞዝ እየቆረጠ የሚያጫውታቸው፣ በባዶ እግራቸው የሚሮጡ፣ ከሰፈራቸው ውጪ ስማቸውን የሚጠራ የሌላቸው ነበሩ። እናቴ "የወረቀት ሰው ከምታግበሰብስ አንዲት ሚስት ብትፈልግ ምን አለ?" ትለኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የሰፈራችንን በረኛ ነው። ከኛ ቤት በላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት አንድ ልጅ ነበር፤ ቀን ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲነፋ ይውላል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆነ ጽሕፈቱ ሸጋ ነው። ካርዱ ላይ ስሙን ከነአባቱ ስም ጽፎ ሲሰጠኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ከጋራዡ ዘበኛ ጠመንጃ ነጥቆ ጫካ ገባ።

ይኼኔ ጭንቀቴ ጀመረ። ጣልያኖቹ ስሙን ያውቃሉ፤ መልኩን ግን ያሠራው ከነበረው ጌታ በቀር የሚለይ የላቸውም። ልጁ ደግሞ እንጨት ሻጭ መስሎ፣ ጭራሮ ተሸክሞ፣ በኬላው እያለፈ ለጓደኞቹ ጨውና ጥይት ያመላልሳል ይባላል። ፎቶው ኬላ ጠባቂዎቹ እጅ ከገባ አለቀለት። አርመኑ ፈርቶ በቤቱ የነበረውን ፎቶ ሁሉ አጥፍቷል። የቀረው የኔው ነው፣ መልክና ስም አንድ ላይ። ቢገኝ እሱ ብቻ ሳይሆን እኔና እናቴም እንደምንሰቀል አውቃለሁ።

የቤት ለቤት ፍተሻው ወደኛ ሲቃረብ ሌሎቹን ካርዶች አንድ ባንድ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። የሱ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። በሕይወት ያለ ሰው መልክ፣ ያውም ዱር የገባ ሰው መልክ፣ እሳት ውስጥ መጣል ሟርት ነው። እውነቱን ልናገርና ደግሞ አሳሳኝ። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ለሁለት አጥፌ በቆዳ ለበጥኩት፣ ዙሪያውን በጅማት ሰፋሁትና ራስጌዬ ካለው ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ክታብ አይፈታም። ከተፈታ ይከሽፋል፣ ጦሱም ለፈታው ሰው ይተርፋል ይባላል፤ የሚፈትሸው ባንዳም ያገር ልጅ ነውና ይኼን ይፈራል። ለእናቴ አልነገርኳትም። እናቴን እወዳታለሁ፣ ምስጢር ግን አፏ ውስጥ አያድርም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ምሰሶው ባዶ ነው።

"እማዬ፣ ክታቤስ?"

"ለባንዳው ሚስት፣ ለወንዝ ማዶዋ አዋስኳት። ልጇ በንዳድ እየነደደባት መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች።"

"ለባንዳ ቤት?"

"ባንዳው አባቱ ነው እንጂ ሕፃኑ ምን አደረገ? ደብተራውን ሁሉ ጣልያን አሳዶት፣ አዲስ የሚጽፍላት ማን አለ? ለታመመ ልጅ ክታብ ይከለከላል እንዴ?"

አይከለከልም።

ወስፌዬን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ሴትዮዋ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ገና አፉን ያልፈታ ነው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ክታቡ ደረቱ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

"እትዬ፣ ስፌቱ ላላ ብሏል። ይስጡኝና አጥብቄው ልመልስ" አልኳት።

"ንዳዱ ሳይለቀው ካንገቱ አይወርድም" አለችኝ።

ልለምናት አፌን ስከፍት ባልዋ ጠመንጃውን እንዳነገተ ለምሳ ገባ። ክታቡን አየው፣ እኔንም አየኝ።

"ማን የጻፈው ነው?"

"አንድ ደብተራ ነበሩ ጌታዬ፣ ሞተዋል።"

"ሽፍቶቹ ወሬ የሚላላኩት በዚህ እየሰፉ ነው" አለና ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። ሚስቱ ልጇ ላይ ድፍት ብላ፣ "ፍታው። ቢሞት ግን የገደልከው አንተ ነህ" አለችው። ሰውዬው ሰንጢውን እንደዘረጋ ልጁን ሲያይ ቆየና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ አባት መሆኑን አየሁበት፣ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። "ከዳነልኝ ዕድሜ ልኬን ስመርቅህ እኖራለሁ። ከሞተ ግን እኔው ራሴ እፈታዋለሁ። በልጄ አንገት ምን እንዳሰራችሁበት አያለሁ።"

ከዚያ ወዲያ የዚያ ልጅ ትንፋሽ ትንፋሼ ሆነ። ሥራ ፈታሁ። ጠዋት ውኃ ቀድቼ አደርስላቸዋለሁ፣ ከሰዓት እናቴ የሰጠችኝን ፌጦ ይዤ እሄዳለሁ። ጎረቤቱ "ቆዳ ሰፊው የባንዳ ደጅ ጠኚ ሆነ" እያለ አማኝ፤ ይማ። ልጁ ሲያቃትት ከንፈሩን በውኃ አረጥባለሁ፣ ዝም ሲል ጎንበስ ብዬ አፍንጫውን አዳምጣለሁ። እንደዚያ ለማንም ጸልዬ አላውቅም። መጀመሪያ ስጸልይ ለካርዱ ነበር። እየቆየ ለየትኛው እንደሆነ እኔም ጠፋኝ።

አንድ ቀን ልክ ለምሳ ሰዓት ስደርስ ልጁ ተነስቶ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል፣ ዓይኑ ጠርቷል፣ ቂጣውን ቀምቶ ይገምጣል። ደስታዬን መሸሸግ አልቻልኩም፣ እዚያው ዓይኔ እንባ ሞላ። እናቱ እየሳቀች ካልበላህ ብላ አስቀመጠችኝና አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ። አባትየው እጁን እየታጠበ፣

"ዛሬ የደስታ ቀን ነው" አለ። "ያ በረኛም ትናንት መናገሻ ጫካ ውስጥ ተገደለ። ያሠራው የነበረው ጣልያን ሄዶ ሬሳውን አይቶ እሱ ነው ብሏል።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ነው። መትፋት አልችል፣ ማልቀስ አልችል። ዋጥኩት። ሴትዮዋ ክታቡን ካንገቱ አውርዳ፣ ስማ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ወደ ቤቴ አልሄድኩም። የምፈራለት ሰው ከሞተ ከዚህ ወዲያ ማንን እፈራለሁ ብዬ በቀጥታ ወደ በረኛው እናት ወጣሁ። ወሬውን ከባንዳ አፍ ከሚሰሙት ከኔ ቢሰሙት ይሻላል፤ ቢያንስ መልኩን አብሬ አስረክባቸዋለሁ። መንገዱን ሙሉ የማረዳበትን ቃል ስቀምር ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ይኼ ክታብ አይደለም" አልኳቸው። "ውስጡ የልጅዎ ፎቶግራፍ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ፈትቼ ላሳይዎት ነው የመጣሁት።"

እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ካራዬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

"የባንዳው ልጅ ዳነበት ሲሉ የሰማሁት ይኼ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ታዲያ ለምን ትፈታዋለህ? የሰው ልጅ ያዳነ፣ የገዛ ባለቤቱንማ እንዴት አይጠብቅ?" ማሰሪያውን በራሳቸው አስገብተው ካንገታቸው አዋሉት፣ ከቀሚሳቸው ውስጥ ደበቁት። በላዩ ላይ እጃቸውን አሳረፉና ቀና ብለው አዩኝ። "መቼ የሚመጣ ይመስልሃል?"

ካራዬን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

"ለፋሲካ ሳይደርስ አይቀርም፣ እማማ" አልኳቸው።

"አፍህ ይባረክ" አሉኝ።