ዱካ አጥፊዋ

ቅዳሜ ማለዳ ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ አንዲት እናት የባሕሩን ዳርቻ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይጠርጉ ነበር። የራሳቸው ዱካ እንኳ አሸዋው ላይ እንዳይቀር ነው። የለበሱት የወንድ ጃኬት እጅጌው ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ክንዳቸው ላይ አምባር መስሏል። አጠገባቸው ያለው ማዳበሪያ ያለፈው ሳምንት ተጓዦች በጣሉት ጠርሙስና ዳይፐር ተወጥሯል። በቅናሽ የተሸጠልን ጉዞ ማስታወቂያ ግን «የሰው እግር ያልረገጠው ዳርቻ» ይላል። ሻጮቹ አያፍሩም!

«እንዲህ እንዲጠርጉ ያዘዘዎት ማነው?» አልኳቸው።

«አለቃው ነዋ። ዱካ ካዩ እንግዶቹ ቅር ይላቸዋል ይላል።» የጃኬቱን ኮሌታ አቃኑ። «የዚህ ጃኬት ባለቤት፣ ልጄ፣ ዳዴ ያለው እዚሁ አሸዋ ላይ ነው። እሱም አልረገጠውም በሉኛ!»

አብራን የመጣች ወጣት ስልኳን ደግና ጮኸች፤ «እማማ፣ ከፎቶው ውጡልን እንጂ! ሰው ያለበት አስመሰሉት እኮ!»

ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን መጥረጊያውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዳር ዳሩን መሄድ ሲችሉ፣ የጠረጉትን አሸዋ መሀል ለመሀል በባዶ እግራቸው ረገጥ ረገጥ እያደረጉ አቋረጡት።

«ወጣሁልሽ ልጄ» አሉ ዞረው። «በይ አንሺ።»