አረንጓዴው የአንገት ምልክት

ጋሽ መርፌ ሰው ለክቶ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰምተን እናልፈው ነበር፤ ግን በመኮንኖች ማሠልጠኛው ውስጥ ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉም ይመሰክርለታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስፌት ክፍሉ ተቀምጦ የእጩ መኮንኖችን የምረቃ ልብስ ሲሰፋ የኖረ፣ ቀጭን፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ስፒል ከከንፈሩ ስለማይለይ እጩዎቹ ጋሽ መርፌ አሉት፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። የቢሮ ሰዎች በመዝገብ ስሙ ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ብሎ ያያል።

የስፌት ክፍሉ ረጅም ነው። ስድስት መኪና አለው፤ አራቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ዕቃቸው እየተፈታ ለአራቱ መለዋወጫ ሆኗል። መስኮቱ የሚያየው ወደ ሰልፍ ሜዳው ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ አምስት መሳቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን ተሰቅሏል፤ በየመሳቢያው ኮሌታ ላይ የሚሰፋ ምልክት አለ። አረንጓዴው የእግረኛ ነው፣ ቀዩ የመድፈኛ፣ ቡናማው የመሐንዲስ፣ ሰማያዊው የመገናኛ፣ ቢጫው የስንቅና ትጥቅ። ተመራቂው ትከሻው ላይ ማዕረግ፣ አንገቱ ላይ ቀለም ይዞ ይወጣል። ማዕረጉ በየጊዜው ያድጋል፤ ቀለሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጡረታ ያው ነው።

ቀለሙን የሚመርጠው፣ በወረቀት ደረጃ፣ እጩው ራሱ ነው። ከምረቃው ሦስት ወር በፊት አንዲት ቅጽ ይሰጠዋል፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ የሚሉ ሦስት መስመሮች አሏት። ሞልቶ፣ ፈርሞ ይመልሳል። ያን ሰሞን ማሠልጠኛው ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ መድፈኛ ዕድገት አለው ይላል፣ ሌላው መድፍ ጆሮ ያደነቁራል ይላል፤ መሐንዲስ የሆነ ሰው ሲወጣ ሥራ አያጣም የሚልም አይጠፋም። መምህራኑን ግን ደፍሮ የሚጠይቅ የለም፤ ፈሪ መስሎ መታየት አለና። የሚጠይቁት ማንን ነው? ጋሽ መርፌን! ልኬታቸውን የሚወስደው በዚያው ሰሞን ነው፤ እጁን ዘርግቶ ደረቱ ላይ ሜትር የተጠመጠመበት ሰው ደግሞ የሆዱን ይናገራል።

እሱም ይጠይቃቸዋል፤ ምን ሞላህ? ምን ሞላሽ? ከሦስት ወር በኋላ የምደባው ዝርዝር ይመጣል፣ ምልክቱንም የሚሰፋው ራሱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ነገር ደረሰበት። መገናኛ ወይም ስንቅና ትጥቅ ብሎ የሞላው ልጅ አረንጓዴ ይሰፋለታል፤ በገዛ እጁ እግረኛን አንደኛ ብሎ የጻፈው ደግሞ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ለብሶ ይወጣል። አዛዦቹ ምቾት ፈላጊ አይወዱም፣ ደፋር የመሰላቸውን ደግሞ አጠገባቸው ማስቀረት ይወዳሉ ብሎ ተረጎመው። ልክ ይሁን አይሁን እንጃ። ምክሩን ሰምተው የቀናቸው ግን ብዙ ናቸው፤ ሻለቃ ከሆኑ በኋላ እንኳ ስፌት ክፍል ድረስ መጥተው አመስግነውታል። ታዲያ እሱስ ቢኮራ ምን ይገርማል?

ልጁም እዚያው እጩ መኮንን ነበረች። አንድ ልጁ ናት። በፈተና ነው የገባችው፣ በማንም አማላጅነት አይደለም፤ ይህን ሳይጠየቅ ይናገራል። ከልጅነቷ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ካገኘች ፈትታ ገጥማ ሳታናግረው አትተኛም ነበር፤ ሰማያዊው ለእሷ የተቀመጠ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በዚያ ላይ ጉልበቷ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ልምምድ ላይ ቦይ ስትዘል ቀኝ ጉልበቷ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ከሄደች ያብጣል። ለሐኪም አልተናገረችም። ብትናገር ከኮርሱ ያሰናብቷታል፤ ሕጉ ምሕረት የለውም። የምታምነው አባቷን ነበርና አንድ ቀን ሱሪዋን ይዛ መጣች፤ እሱም ከሥሩ የሚጠመጠመው ፋሻ እንዳይታይ የቀኙን እግር ስፌት ፈትቶ ሁለት ጣት ያህል አሰፋላት። ለእናቷ እንዳይነገር ተማማሉ።

ቅጹ የተሰጠ ሳምንት እሑድ ከሰዓት ልጅቷ ፈቃድ ወጥታ ቤት መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሻይዋን ገፋ አድርጋ፣ አንደኛው መስመር ላይ መገናኛ ብላ ጽፋለች። አባትየው ከትከሻዋ በላይ አየና ሳቀ። እንዲህ አይደለም አላት። ከዚያ የሃያ ሁለት ዓመት ዕውቀቱን ቁጭ ብሎ ዘረዘረላት፤ ያ ረጅሙ እንዲህ ሞልቶ እንዲህ ሆነ፣ ያቺ መነጽራሟ እንዲህ ብላ የት ሄደች። እናትየዋ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ አንድ ጥግ ሆና ልብስ ታጥፋለች። ሰዎቹ የጠየቋት የምትፈልገውን ለማወቅ ከሆነ የምትፈልገውን ለምን አትጽፍም አለች። እሱም አንቺ ደግሞ የወታደር ቤት ምን ታውቂያለሽ ብሎ ዝም አሰኛት።

ልጅቷ ግን አመነታች።

«አባዬ፣ አሁን እኮ አዲስ አዛዥ ነው የመጣው፤ ጎበዞቹ ሁሉ የልባቸውን እየሞሉ ነው» አለችው።

«ሦስት አዛዥ በዚህ ሜትር ለክቻለሁ» አላት። «ሦስቱም አንድ ናቸው። ይሄኛውንም ባለፈው ሳምንት ለክቼዋለሁ።»

ማስመሪያ አንስታ መገናኛ የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከበላዩ እግረኛ ብላ ጻፈች። ቅጹ ስርዝ ካለ አጠገቡ ይፈረም ስለሚል ፈረመች። አባቷ ብልህ ልጅ ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ምደባው የወጣ ቀን ዝርዝሩን ይዞ የመጣው የንብረት ክፍሉ አሥር አለቃ ነበር፤ ወፍራም፣ ሲራመድ ቁልፉ የሚንኳኳ ሰው ነው። ደስ ብሎታል። አዲሱ አዛዥ ትክክለኛ ሰው ናቸው አለ፤ ከአንደኛ እስከ ሠላሳኛ የወጡትን እጩዎች አንደኛ ብለው የሞሉትን ሳይነኩ ሰጧቸው፣ የተረፈውን ክፍት ቦታ ለሌላው ደለደሉ፣ ዘንድሮ ቅሬታ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ መርፌ ስፒሎቹን ከከንፈሩ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያዘ። ልጁ አራተኛ ነው የወጣችው። ጣቱን አራተኛው መስመር ላይ አድርጎ ወደ ቀኝ ሄደ፤ አረንጓዴ ይላል። እንደገና ከስሟ ጀመረ። አሁንም አረንጓዴ ነው። ሃምሳኛ ብትወጣ ኖሮ እንኳ ሌላ ቀለም ሊደርሳት ይችል ነበር፤ ያስቀጣት ጉብዝናዋ ነው። ከተበላሹት መኪናዎች የአንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አሥር አለቃው ውሃ ልስጥህ ወይ እስኪለው ድረስ።

ያኔውኑ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ሄደ። እዚያ ያለችው ሻምበል ሰው የምታከብር ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠችው፣ የመጣበትን ጠየቀችው። ስሕተት ሳይኖር አይቀርም አላት። እሷም ሳትቆጣ ፋይሉን አወጣችና ቅጹን ፊቱ ዘረጋችለት። ያች ወረቀት ናት። የሻይ ብርጭቆው የነካት ጥግ ላይ ክቡ እንኳ አለ።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለችው። «ከሠላሳዎቹ ውስጥ እግረኛን በፈቃዷ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት። አዛዡም ተገርመው ስሟን ጮክ ብለው አነበቡት። ይችን መስመር ባታሰምር ኖሮ መገናኛ ነበረች።»

መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ዓመት ካገለገለች በኋላ ማመልከት ትችላለች አለችው። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት በጤና ምክንያት ካልሆነ አይቻልም፤ የጤና ችግር ካላት የሐኪሞች ቦርድ ፊት ትቀርባለች፣ ቦርዱ ይወስናል። ይህን ብላ ብዕሯን አነሳች።

«የጤና ችግር አለባት እንዴ?»

ጋሽ መርፌ ሁለቱን መዘነ። ጉልበቷ ቢል እግረኛው የሚላክበት ጠረፍ አትሄድም፤ ግን መኮንንም አትሆንም፣ ሦስት ዓመቷ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዝም ቢል ደግሞ በዚያው ጉልበት ተራራ ትወጣለች። የሜትሩን ጫፍ ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ። ሻምበሏ ትጠብቃለች።

«ጤነኛ ናት» አለ።

አመስግኖ ወጣ። ማታ ለሚስቱ ነገራት፤ ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ አዛዡ፣ ስለ ስርዙ። ጉልበቱን አላነሳም። ሚስቱ ትጮህብኛለች ብሎ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። አንሶላ ማጠፏን ሳታቋርጥ ሰማችው፣ ስትጨርስ እራት አቀረበች።

ልብሱ የሚሞከር ዕለት ልጅቷ ተራዋን ጠብቃ ገባች። እንደማንኛውም እጩ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እሱም እንደማንኛውም ሰው እጅጌዋን ሳበ፣ ትከሻዋን አስተካከለ። ሌሎቹ እስኪወጡ አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው። ሲወጡ ዕንባው ቀደመው። እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ አላት።

«ጉልበቴ ሁለት ዓመት ይችላል» አለችው። «አንተ ብቻ እንዳታለቅስ፣ ምልክቱ ይጠምምብሃል።»

«ለምን ሰማሽኝ?» አላት። «ጽፈሽው ነበር እኮ። አዲስ አዛዥ ነው ብለሽኝም ነበር።»

ልትዋሽለት ትችል ነበር፤ አልዋሸችውም።

«አንተ ተሳስተህ አታውቅማ» አለች።

ያን ዕለት ሁሉም ከሄዱ በኋላ የአረንጓዴውን መሳቢያ ከፍቶ ሁለት ምልክት አወጣ። ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ ሰፋው፤ በዚህች እጅ ጠማማ መስፋት እንኳ አይችልም። ከዚያ ሱሪዋን ገለበጠና የቀኙን እግር ስፌት ፈታ። ይህንንም ሲሰፋ ሁለት ጣት ጨምሮበት ነበር፤ ሦስት አደረገው። ከላይ ለሚያየው ሰው ምንም እንዳይታወቅ ካውያ አስነካው፣ አጠፈው፣ ስሟን ለጥፎ ከሌሎቹ መሐል ደረደረው። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ቢያውቅ ኖሮ ያደርግ ነበር።

ምረቃው ጥዋት ነበር። በሌላው ዓመት ሰልፉን ከስፌት ክፍሉ መስኮት ነው የሚያየው፤ ዘንድሮ እንደ ወላጅ ተጋብዞ ከሚስቱ ጋር ሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገባቸው ያሉ ወላጆች ልጃቸው ባለፈ ቁጥር እየተነሱ ቀለሙን ለጎረቤታቸው ያሳያሉ፤ ያ ቀዩ የኔ ነው፣ ያቺ ሰማያዊዋ የኔ ናት። እሱ የማንንም አንገት አላየም። ልጁ ያለችበት ረድፍ ሲመጣ ዓይኑን ቀኝ እግሯ ላይ ተከለ። በቀጥታው መንገድ ደህና ሄደች፣ የክብር ቦታው ፊት ደህና ሄደች። መዞሪያው ላይ ስትደርስ ረድፉ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ቀኝ እግሯ አንዲት ቅጽበት ዘገየና ተከተለ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ማንም ልብ ያለው የለም። ሚስቱ እያጨበጨበች፣ ፊቷን ከሜዳው ሳትመልስ ጠጋ አለችው።

«መዞሪያው ላይ አየሃት?»

ደነገጠ። ያኔ ነው የገባው፤ ሴትዮዋ ልብስ አጣቢ ናት፣ ልጅቷ ፈቃድ በመጣች ቁጥር በቦርሳዋ ይዛ የምትመጣውን ፋሻ ማን ሲያጥበው ኖረ? ያን እሑድ ጥግ ላይ ሆና የምትፈልገውን ለምን አትጽፍም ያለችው ሁሉንም እያወቀች ነው።

«ጫማው ነው» አላት። «አዲስ ስለሆነ ነው።»

«እሺ» አለችው፣ ማጨብጨቧን ሳታቆም። «ጫማው ይሁን።»